ቀለም ቆጣሪዋ ዘይቱ

ዘይቱን የከሰስኋት እኔ ነኝ። ይኸን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ኋላ ላይ «ለካ አንተ ነህ!» ብሎ የሚያፈጥብኝ ሰው አልፈልግም። ዐሥራ አንድ ዓመት አብራኝ የሠራችን ሴት፣ ምሳዋን እያካፈለች ያበላችኝን ሴት፣ ስም በሌለው ደብዳቤ ለአለቃ ከሰስኋት። ከሥራዋ ለመባረር አንድ ሐሙስ ነበር የቀራት። እንዴት እንደተረፈች ነው የማወራችሁ። እኔም ከሷ ጋር ተርፌአለሁ ብል አላጋነንሁም።

ከፈለኝ እባላለሁ። አማን ውስጥ በአንዲት ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት ቀርቶኛል። የተወለድሁት ማሻ ነው። አባቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ መጣና ደኑን ወደደው መሰለኝ እዚያው ቀረ። ፊደል የቈጠርሁት ግን አባቴ ዘንድ አይደለም፤ የኔታ ዘንድ ነው። የኔታ ደግሞ በአርጩሜ ነበር የሚያስቈጥሩት። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኀኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እስከ ዛሬ ሰው «ሥራ»ን በእሳቱ ሰ ሲጽፍ ሳይ ጥርሴን ያመኛል። የዘንድሮ ልጆችማ ተዉኝ! ስልካቸው ላይ አንዲት ሀ ይዘው ዓለሙን ሁሉ በሷ ይሞሉታል። ብዙኀኑ ኀ ምስኪን፣ ወላጅ እንደሌለው ልጅ ጠያቂ አጥቶ ቀርቷል።

የካርድ ክፍል ሥራ ቀላል ይመስላል። በሽተኛው ቁጥሩ የተጻፈባትን ወረቀት ይዞ ከመጣ ካርዱን ከመደርደሪያ አውጥቶ መስጠት ነው። ጣጣው ወረቀቷ ስትጠፋ ነው፤ ሚዛን ደግሞ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ነውና ወይ ትበሰብሳለች፣ ወይ ከሱሪ ጋር ትታጠባለች። ያን ጊዜ ቁጥሩን በስም እንፈልጋለን። ለዚህ የስም ሣጥኖች አሉን፤ የእያንዳንዱ በሽተኛ ስምና ቁጥር በትንሽ ካርቶን ላይ ተጽፎ በሀሁ ተራ ተደርድሯል። ኮምፒውተር ይመጣል ከተባለ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ይምጣ፣ መንገዱ ላይ ጭቃ ይዞት ይሆናል።

ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ሣጥን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሐ ከሀ ጋር፣ ዐ ከአ ጋር አይቀላቀልም አልሁ። ሌላው ሠራተኛ ሁሉ «ምን ልዩነት አለው?» ብሎ ሲያጉረመርም፣ ያን ጊዜ አዲስ የተቀጠረችው ዘይቱ ብቻ ፊቷ በራ። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ተለያይተው ሲቀመጡ ዐይኔ ያርፋል» አለችኝ። እኔም ፊደል አክባሪ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ያለችው ነገር ቃል በቃል መሆኑን በምን ልወቅ?

ዘይቱ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ሼህ ዐብዱልጀባር ከአጋሮ መጥተው ሚዛን ገበያ ኮረሪማና እርድ እየሸጡ ያሳደጓት ናት። አሁን ሽማግሌው ዐይናቸው ደክሞ ቤት ውለዋል፤ ባሏ ቴፒ መስመር ሹፌር ነው፤ ሁለት ልጆች አሏት። ዝምተኛ ናት፤ ሣቅ ግን ስትጀምር አታቆምም። የምንጣላበት ነገር አንድ ብቻ ነበር። መስኮታችን ሁለት ነው፤ እኔ ወንዶቹን፣ እሷ ሴቶችና ሕፃናቱን እንመዘግባለን። እኔ ስም ስጽፍ መጻፍ እንዳለበት አርሜ ነው የምጽፈው። እሷ ግን የሰውየውን መታወቂያ ታያለች፣ ወይ ራሱን ታጽፈዋለች፣ እንዳለ ትገለብጣለች። «ትእግስት» ብሎ ካመጣ «ትእግስት» ነው፤ «ትዕግሥት» ብሎ ካመጣ «ትዕግሥት»። «አንቺ ልጅ፣ ስሕተት እያባዛሽ ነው» ብዬ ስቆጣ፣ «ስሙ የሱ ነው፣ ጋሼ» ትለኛለች። ይኸው ነው ክርክሯ።

ስም ስትፈልግ ብታዩዋት ደግሞ ታስቀናለች። እኔ መነጽሬን አድርጌ፣ ጣቴን በምራቅ አርሼ አንድ ባንድ እገልጣለሁ። እሷ ሣጥኑን ትስብና ቀይ ቀዩን ቡና እንደሚለቅም ሰው እጇን ትሰዳለች፣ መዝዛ ትሰጣለች። በልቤ እቀና ነበር፤ አሁን ምን ልደብቅ።

ባለፈው ጥቅምት ለታናሽ እኅቷ ሠርግ አጋሮ ሄደች፤ የዐሥራ ሁለት ቀን ፈቃድ። ሁለቱም መስኮት የኔ ሆነ። በሦስተኛው ቀን እማማ አጸደ መጡ። ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ አፋቸው የማያርፍ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። እየሳሉ መስኮቱን ያዙ።

«ቁጥርዎ የት አለ?» አልኋቸው።

«ከቀሚሴ ጋር አጠብሁት።»

ፍለጋ ጀመርሁ። አሁን ልብ በሉ። ዐጸድ ማለት የተከለለ ቦታ፣ ግቢ ማለት ነው፤ በግእዙ በዐይኑ ዐ እና በጸሎቱ ጸ ነው የሚጻፈው፤ ይኸ ክርክር የለውም። ስለዚህ የዐይኑን ዐ ሣጥን ሳብሁ። የለም። ሰው ይሳሳታል ብዬ በአልፋው አ ሣጥን ውስጥ በጸ ፈለግሁ። ሁለት አጸደዎች አሉ፤ አንዷ የሦስት ዓመት ሕፃን፣ ሌላዋ ከቱም ከተማ የመጣች ነጋዴ። እማማ አጸደ የሉም። በፀሐዩ ፀ ልፈልግ? ምን በወጣኝ! «ዐጸድ»ን በፀሐዩ ፀ የሚጽፍ ሰው ይኖራል ብዬ ማሰቡ ራሱ ውርደት መሰለኝ።

«ልጄ፣ ይኸን ሣጥን እየሠራኸው ነው ወይስ እየፈለግህበት?» አሉኝ እየሳሉ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ «ልጄ»!

«ካርድዎ ጠፍቷል፤ አዲስ አወጣልዎታለሁ» ብዬ ባዶ ካርድ አወጣሁላቸው።

ያን ቀን ተራ የነበረችው ዮሃና ናት። እኛ «ዶክተር» እንላታለን፤ እሷ «ጤና መኮንን ነኝ» እያለች ታርመናለች። ባዶውን ካርድ አይታ «እማማ፣ የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?» ብላ ጠይቃቸዋለች። «ኧረ ልጄ፣ እኔ ድንጋይ ብበላ ይስማማኛል» አሏት። የሳል መድኃኒት አዘዘችላቸው። በሁለተኛው ቀን ጎረቤቶቻቸው ደግፈው አመጧቸው፤ ፊታቸው አብጦ ዐይናቸው ጠፍቷል፣ መተንፈስም አቅቷቸዋል። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላኩ። አራት ቀን ተኙ። ተመስገን፣ ዳኑ።

ዘይቱ ሰኞ ተመለሰች። የሠርጉ ሽታ እንኳ ገና አልለቀቃትም፣ ሂናው እጇ ላይ ነው። የጤና ጣቢያችን ኀላፊ አቶ ጌታሁን ወገቡን ይዞ መስኮቱ ሥር ቆሞ ጠበቃት።

«የአጸደን ካርድ አውጪ» አላት።

«የቷ አጸደ? ሦስት ናቸው» አለች።

«መናኸሪያው ጋ ያሉት።»

እጇን ወደ አልፋው አ ሣጥን ሰደደች፣ መጨረሻው አካባቢ፣ መዘዘች። «አፀደ» ይላል፤ በፀሐዩ። ቁጥሩን አይታ ካርዱን ከመደርደሪያ አወጣች። ደኅና ዋልሽ ደኅና ዋልህ ለመባባል የሚፈጀውን ጊዜ እንኳ አልወሰደባትም። ካርዱ ላይ በቀይ ተጽፏል፤ የታዘዘላቸው መድኃኒት ከሁለት ዓመት በፊትም አሳብጧቸው ነበር፣ ሁለተኛ እንዳይሰጣቸው።

ጌታሁን ካርዱን አየ፣ እሷን አየ። «አንቺ ስትኖሪ የሚገኝ፣ አንቺ ስትሄጂ የሚጠፋ ካርድ፣ ምን ዓይነት ካርድ ነው?» አላት። በዐሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ዐሥራ ሰባት ሰው እንዲሁ ስሙ ጠፍቶ አዲስ ካርድ ወጥቶለታል። ሠራተኛው ይንሾካሾክ ጀመር።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «በፀሐዩ ፀ አልፈለግሁም፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ሰባት ቃል አይሞላም። አላልሁም። ጡረታዬ ታየኝ፣ የእማማ አጸደ ያበጠ ፊት ታየኝ፣ ፈራሁ። ደግሞም ቂም ነበረኝ፤ እኔ ግማሽ ቀን የፈለግሁትን በአንዲት እጅ ስታወጣው ሰው ሁሉ አየ። በምሳ ሰዓት ባጃጅ ይዤ፣ አማን ያውቁኛል ብዬ ሚዛን ድረስ ሄድሁ፣ አንዱ ኮፒ ቤት ገብቼ ደብዳቤ አስተየብሁ። ሠራተኛዋ ካርዶችን በሥውር እየደበቀች ያለሷ ሥራው እንዳይሄድ ታደርጋለች፣ «ምናልባትም ጥቅም ትቀበላለች» የሚል። ያቺን «ጥቅም» የምትለዋን ቃል ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይቃጠላል። በጌታሁን በር ሥር አሾልኬ አስገባሁት።

ጉዳዩን ዐርብ ሦስት ሰዎች ሆነው እንዲያዩት ተወሰነ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸ ነው፤ አይጧ እኔ፣ ዳዋዋ ዘይቱ። ሳምንቱን ሙሉ ምሳ ዕቃዋን ሳትከፍት መልሳ ይዛው ትሄድ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሽተኛው ሲቀል ወንበሯን ወደኔ አዞረች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብነግርህ ትሥቅብኛለህ?»

«እንዳነጋገርሽ ነው» አልሁ። ደብዳቤውን ዐውቃ መስሎኝ ነበር።

«ካርዶቹን የማገኛቸው በቀለም ነው።»

«በምን ቀለም? ሁሉም ካርቶን ነጭ ነው!»

«ካርቶኑ አይደለም። ፊደሉ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፊደል ለኔ ቀለም አለው። አልፋው አ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ነው። ዐይኑ ዐ የቡና ቅጠል ነው፣ ዝናብ የመታው። ሰባቱ ቤት ደግሞ አንድ ዘር ነው፤ አንዱ ይደምቃል፣ አንዱ ይፈዛል። ስም ስትጽፍ ጥቁር እስክሪብቶ መሆኑን አያለሁ፤ ቀለሙም አብሮ ይታየኛል። አልፈልገውም፤ በራሱ ይመጣል።»

አፌን ከፍቼ አየኋት። ይቺ ሴት ሠርግ ላይ ምን አጠጥተዋት ነው አልሁ በልቤ። ደግሞ ልፈትናት አልሁ።

«እሺ፣ አጸደ ምን ዓይነት ናት?»

«የቷ?»

«በፀሐዩ።»

«እርድ። አባቴ ፈጭቶ ያሰጣው የነበረው እርድ።»

«በጸሎቱስ?»

«ዝናብ የያዘ ደመና።»

«አንድ ስም እኮ ናቸው፣ አንቺ!»

«ላንተ» አለችኝ።

ከዚያ ያልነገረችው ሰው የሌለውን ነገረችኝ። አንደኛ ክፍል ሳለች መምህሩ «ቀለም ቆጥረሻል?» ብለው ጠየቋት። እኛ ሀገር ቀለም መቁጠር ፊደል መማር ነው፤ ይኸን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷ ግን የምታየውን የጠየቋት መሰላት። ተነሥታ «አዎ ቲቸር፣ ሀ ወተት ነው፣ ለ ሰማያዊ ነው፣ መ ቀይ ጭቃ ነው» እያለች ቆጠረች። ክፍሉ በሣቅ ተናጋ፣ እሷ ደግሞ ቀለደች ተብላ ተገረፈች። ቤት ሄዳ ስትናገር አባቷ ደነገጡ፤ አንድ ሼህ ዘንድ ወስደው ሦስት ሳምንት ቁርኣን አስቀሩባት፣ ውኃውን አጠጧት። አባቷ ማታ ማታ ሲያለቅሱ ስላየች፣ «ለቀቀኝ አባዬ፣ አሁን ሁሉም ጥቁር ነው» ብላ ዋሸቻቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለእናቷም፣ ለባሏም ትንፍሽ አላለችም።

«ነገ ምን ልበል?» አለችኝ። «እውነቱን ካልነገርኳቸው ሌባ ነሽ ብለው ያባርሩኛል። አማን ውስጥ ካርድ ሰርቃ የተባረረች ተብዬ ልጆቼን በየት በኩል ትምህርት ቤት አደርሳለሁ? ከነገርኳቸው ደግሞ አብዳለች ይላሉ። ሌባ ከመባል እብድ መባል ይሻላል፣ አይደል ጋሼ?»

እኔው ከሁለት ክፉ ስም እንድትመርጥ አድርጌያት፣ እኔኑ ምክር ትጠይቀኛለች። «እውነቱን ተናገሪ» ብዬ ሽንት ቤት የምሄድ መስዬ ወጣሁ። ጓሮ ሙዙ ሥር ቆሜ ራሴን ሰደብሁ።

ዐርብ ጠዋት የጌታሁን ቢሮ ገባን። ጌታሁን፣ ዮሃና፣ አንድ የፋርማሲ ሠራተኛ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠዋል። እማማ አጸደ ተበዳይ ናቸውና ተጠርተዋል፤ እብጠቱ ጠፍቶ አፋቸው ወደ ቦታው ተመልሷል። እኔ የተጠራሁት እንደ ምስክር ነው። ምስክር! ጌታሁን ደብዳቤውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ጥቅም» ላይ ሲደርስ ዘይቱ መሬት መሬት አየች።

ከዚያ ተናገረች። ሁሉንም፣ ለኔ እንደነገረችኝ፤ ስለ ኖራው፣ ስለ እርዱ። የፋርማሲው ሰው ሣቁን መያዝ አቅቶት አሳለ። ጌታሁን ግን አልሣቀም፤ ጭራሽ አዘነላት፤ እሱ ደግሞ ባሰ።

«እኅቴ፣» አላት ለስለስ ብሎ፣ «ደክሞሽ ይሆናል። ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እየታየሽ እንድትቀጥዪ ማድረግ ኀላፊነት የጎደለው ነው። የሕመም ፈቃድ ወስደሽ…»

ዘይቱ አንዴ አየችኝ። ዐይኗ እንባ ሞልቷል።

ተነሣሁ። «እማማ፣» አልሁ፣ «ስምዎን እንዴት ነው የሚጽፉት?»

«እንዴት ማለት? በእጄ ነዋ!»

ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። ምላሳቸውን ወጣ አድርገው፣ ተጠንቅቀው ጻፉ፤ «አፀደ»። በአልፋው አ፣ በፀሐዩ ፀ።

«በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እንዲህ ነው የተማርሁት» አሉ ኮራ ብለው።

«እኔ በዐይኑ ዐና በጸሎቱ ጸ ነው የፈለግሁት» አልሁ ወደ ጌታሁን ዞሬ። «በፀሐዩ አልፈለግሁም። ካርዱ በቦታው ነበር። በግእዙ ሕግ ዐጸድ…»

«አንተ ነህ እንዴ ስም ያወጣህልኝ?» አሉ እማማ አጸደ። «አባቴ ያወጣልኝን ስም አንተ በምን ሥልጣንህ ታርመዋለህ? በዚህ ነው እንዴ ልትገድለኝ የነበረው?»

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ፤ እኔ ተምሬም ጠምጥሜም ይኸን አላወቅሁም። «አዎ እማማ፣ በዚህ ነው» አልሁ። እንዲህ ብዬ ስናገር ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ? ቀለለኝ። የሳምንት ድንጋይ ከደረቴ ላይ ተነሣ። ግን ግማሹ ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ገና አለ።

ዮሃና ዝርዝር አወጣች፤ በዐሥራ ሁለቱ ቀን አዲስ ካርድ የወጣላቸው ዐሥራ ሰባት ስሞች። «ሁላችንም ካርድ ክፍል እንሂድ» አለች። ሄድን። ዮሃና ትጠራለች፣ ዘይቱ ትመልሳለች። «ትዕግሥት፣ የአማኗ።» «አራት ዓይነት ትዕግሥት አለች፤ የአማኗ በእሳቱ ስ ነው፣ መሐሉ ላይ አልፋው እ።» ትመዝዛለች። «ሕፃኑ ዓለምሰገድ።» «ዐይኑ ሳይሆን አልፋው፣ ኖራው።» ትመዝዛለች። ዐሥራ ስድስቱ ሁሉ በየሣጥናቸው ወጡ። ዐሥራ ሰባተኛው ሰውዬ ለካ ዕድሜውን ሙሉ እዚህ ታክሞ አያውቅም፤ ካርዱ ቴፒ ነው። ከጠፉት ዐሥራ ስድስት አንዱንም ማንም አልደበቀውም፤ እኔ ሁሉንም መሆን ባለባቸው ቦታ ስፈልግ፣ እነሱ ባሉበት ተቀምጠዋል።

«ካርዱስ ይሁን፣» አለ ጌታሁን ራሱን እያከከ፣ «ይኸ የቀለሙ ነገር…?»

«በሽታ አይደለም» አለች ዮሃና። «እንዲህ ሆነው የሚፈጠሩ ሰዎች አሉ። ለአንዱ ፊደል ቀለም አለው፣ ለሌላው ቁጥር፣ ለሌላው ድምፅ። ኮሌጅ ሳለን ተምረነዋል። ጤነኞች ናቸው፤ መድኃኒትም የለውም፣ አያስፈልገውምም።»

ዘይቱ የስም ሣጥኑን እንደያዘች ቀረች። «ሌላም ሰው አለ?» አለች።

«ብዙ።»

«ብዙ?»

«በየሀገሩ። አብዛኞቹ እንዳንቺው ለሰው አይናገሩም።»

ሣጥኑን አስቀመጠችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሻሿን ዐይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ደግሞ በመሐሉ ሣቀች፤ ሁለቱ ተቀላቅለውባት መተንፈስ አቃታት። «በሽታ አይደለም» ትላለች፣ «አባዬ፣ በሽታ አይደለም እኮ» ትላለች፣ አባቷ እዚያ ያሉ ይመስል። እማማ አጸደ ጎንበስ ብለው ጀርባዋን አሻሹላት። «በይ ተይ፣ የኔን ስም ቀለም ንገሪኝ» አሏት። «እርድ» አለቻቸው እየተንሰቀሰቀች። «ደግ ነው፣ ወጥ ያሳምራል» አሉ አሮጊቷ። ጌታሁን ሳይቀር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ያን ቀን ክሱ ተዘጋ፤ ሥራዋም ስሟም ተመለሰላት።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሠራተኛው ወጥቶ እኔና እሷ ብቻ ቀረን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን እስኪያድር መጠበቅ አልቻልሁም።

«ዘይቱ፣» አልሁ፣ «ደብዳቤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አላየችኝም። ካርዶቿን መደርደሯን ቀጠለች።

«ዐውቃለሁ» አለች።

«መቼ ዐወቅሽ?»

«ጌታሁን ማክሰኞ ወረቀቱን ሲያሳየኝ። በኮምፒውተር የተጻፈ መሆኑ ምን ያደርጋል ጋሼ? ሙሉው ገጽ ያንተ ቀለም ነው። ‹ሠራተኛ› በንጉሡ፣ ‹ኀላፊ› በብዙኀኑ፣ ‹ሥውር› እንኳ በንጉሡ። ከአማን እስከ ሚዛን እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሌላ ማን አለ? ገና ከሩቅ አየሁህ።»

ሐሙስ ዕለት የሕይወቷን ምሥጢር ስትነግረኝ፣ ልትባረር የነበረው በኔ መሆኑን እያወቀች ነው የነገረችኝ!

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? ለምን እኔኑ…?»

«አንተ ራስህ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት» አለች። «ትላንት ፊደሉን ስነግርህ ትናገር ይሆናል ብዬ ነበር። ወጥተህ ሄድክ። ዛሬ ጠዋት ስትነሣ አሁን ይናገራል አልኩ። ግማሹን ተናገርክ።» መሳቢያዋን ከፍታ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «እስከ ማታ ካልነገርከኝ ሰኞ የማስገባው ይኸን ነው።»

ገለጥሁት። ወደ ክትባት ክፍል ልዛወር የሚል ማመልከቻ ነው፤ ቀኑ ማክሰኞ። ዐሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ስለ ሠራሁት ስለ እኔ አንድም ቃል የለበትም፤ አልወቀሰችኝም፣ አልከሰሰችኝም፤ ልትሄድ ብቻ ነበር።

«ይቅር በይኝ» አልሁ።

«ይቅር ብያለሁ። ግን ሁለተኛ በጀርባዬ እንዳትጽፍ፤ ብትያዝ አትደነቅ፣ ዐውቅሃለሁ» አለችና የለመድሁትን ሣቋን ለቀቀችው። «በል ቅደደው።»

ወረቀቱን ለመቅደድ ስይዘው ዐይኔ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ዐረፈ። «መስሪያ ቤታችን» ይላል፤ በእሳቱ ስ። በንጉሡ ሥ ነው እንጂ! ጥርሴን አመመኝ። ጣቴም ሳላዝዘው ቃሏ ላይ ሄደ።

«ምነው ጋሼ?» አለች ዘይቱ።

«ምንም» አልሁ፣ ቀደድሁት።